ጫማው ነው ወይስ እግሩ? «ቦርን ቱ ረን» የተሰኘው መጽሐፍ በጤና ባለሙያ ዓይን ሲታይ

መግቢያ

ተረከዙን የሚያመው ሰው ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ሲገባ የሕመሙን ታሪክ አጥርቶ ይዞ ይመጣል። «ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ተረከዜን ሚስማር የወጋኝ ያህል ያመኛል፤ ጥቂት ስራመድ ይለቀኛል፤ ቆሜ ስውል ደግሞ ወደ ማታ ይመለሳል» ይላል። ይህን የሰማ ባለሙያ ሕመሙ ፕላንታር ፋሻይተስ መሆኑን ለመገመት ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነው፦ «ታዲያ ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?»

እኔም ለብዙ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ «ሶሉ ወፈር ያለ ጥሩ የሩጫ ጫማ ይግዙ» የሚል። በአንድ ትምህርት ቤት በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ ጎልማሳ ይህንኑ ምክር ተቀብለው ሄዱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ አዲስ ጫማ ተጫምተው ነበር። የወር ደመወዛቸውን እኩሌታ እንደ ፈጀባቸው ነገሩኝ። ሕመሙ ግን እንደ ነበረ ነው። «ምናልባት ዓይነቱን ተሳስቼ ገዝቼ ይሆን?» ሲሉም ጠየቁኝ፤ ጥፋቱ የእርሳቸው እንደ ሆነ አድርገው። በዚያው ሰሞን አንድ ሩጫ ወዳድ ወጣት በተመሳሳይ ሕመም መጣ። እርሱ ደግሞ ጫማውን ጥሎ በባዶ እግሩ አስፋልት ላይ መሮጥ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። የተረከዙ ሕመም አልለቀቀውም፤ በባቱና በቋንጃው ጅማት ላይ ግን አዲስ ሕመም ተጨምሮበታል። ይህን ያደረገው ከአንድ መጽሐፍ አንብቦ መሆኑን ነገረኝና መጽሐፉን አዋሰኝ።

ሁለቱ ሰዎች የተከተሉት ምክር ፍጹም ተቃራኒ ነው። አንደኛው ጫማ ጨመሩ፤ ሁለተኛው ጫማ ቀነሰ። ሁለቱም አልተፈወሱም። ይህ ሂስ የተጻፈው መጽሐፉ ከምን ላይ እንደሚያቀና፣ ከምን ላይ እንደሚስት፣ እኛም የጤና ባለሙያዎች በዚያው ስሕተት ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳለን ለመመርመር ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል?

መጽሐፉ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ክሪስቶፈር ማክዱጋል ጽፎት እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው «ቦርን ቱ ረን» ነው፤ «ለመሮጥ የተወለዱ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከአንዲት ቀላል ጥያቄ ነው፤ ደራሲው በሮጠ ቁጥር እግሩን ያመዋል፤ ለምን? ሐኪሞች ስቴሮይድ ይወጉታል፤ በእግሩ ልክ የተሠራ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ያዙለታል፤ ሩጫ ለሰውነቱ እንደማይስማማም ይነግሩታል። እርሱ ግን መልሱን ፍለጋ በሜክሲኮ ቺዋዋ ግዛት በጥልቅ ሸለቆዎች ውስጥ ወደሚኖሩት ወደ ራራሙሪዎች ያቀናል፤ ሌሎች ታራሁማራ ይሏቸዋል። እነዚህ ሰዎች ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ስስ ሶል በጠፍር አስረው፣ የእኛን በረባሶ በሚያስታውስ ጫማ፣ እጅግ ረዥም ርቀት ይሮጣሉ። መጽሐፉ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው ሸለቆ በተደረገ ውድድር ነው፤ በዚህም አርኑልፎ ኪማሬ የተባለው የአገሩ ሯጭ ታዋቂውን አሜሪካዊ ስኮት ጁሬክን ይቀድማል።

በታሪኩ መካከል ደራሲው ሁለት ክርክሮች ያቀርባል። የመጀመሪያው ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2004 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት መላ ምት ነው፤ የሰው አካል ለረዥም ርቀት ሩጫ የተስማማ ሆኖ መሠራቱን የሚያስረዳ ነው። ሁለተኛው ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ተረከዙ ወፍራም የሩጫ ጫማ ጉዳትን አልቀነሰም፤ ይልቁንም እግርን አስንፎ ለጉዳት አጋልጧል የሚል ክስ ነው። የንባቡ ውበት ያለ ጥርጥር የሚደነቅ ነው። ደራሲው ሰዎቹን በዓይነ ኅሊና እንድናያቸው ያደርጋል፤ ሩጫንም ከቅጣት ወደ ደስታ ይመልሰዋል። አንባቢውን ከተቀመጠበት የሚያስነሣ መጽሐፍ ለሕዝብ ጤና ውለታ ውሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጽሐፉ ያቀናበት

በጫማ ማስታወቂያ ላይ የተሰነዘረው ክስ መሠረት አለው። ለረዥም ጊዜ የስፖርት ጫማ መደብሮችም ሆኑ ክሊኒኮች የእግርን ቅስት እያዩ ጫማ ሲመድቡ ኖረዋል፤ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ለሆነ ሰው እንቅስቃሴን የሚገታ፣ ቅስቱ መካከለኛ ለሆነ የሚያረጋጋ፣ ቅስቱ ከፍ ላለ ደግሞ ለስላሳ ጫማ። ጆሴፍ ናፒክና ባልደረቦቹ ይህን ልማድ በአሜሪካ የምድር ጦር፣ የአየር ኃይልና የባሕር ወለድ ጦር በሺዎች በሚቆጠሩ ምልምሎች ላይ ፈተኑት፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ታትሟል። በቅስታቸው ቅርጽ ጫማ የተመረጠላቸውና ቅርጹ ሳይታይ አንድ ዓይነት ጫማ የተሰጣቸው ምልምሎች የደረሰባቸው ጉዳት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማም ከ11,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 12 ጥናቶች አጠናቅሮ የጫማ ዓይነት የሯጮችን ጉዳት በመቀነስ ረገድ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ወይም ምንም ሳይሆን እንደማይቀር፣ ማስረጃውም ደካማ እንደ ሆነ ገልጿል።

ስለዚህ ማክዱጋል «ውድ ጫማ ከጉዳት ያድናል» የሚለውን እምነት ሲጠራጠር እውነት አለው። እኔ ለእኒያ የጥበቃ ሠራተኛ የሰጠሁት ምክር ግን ከማስረጃ ሳይሆን ከማስታወቂያ የመጣ እንደ ነበር ልክድ አልችልም።

መጽሐፉ የሳተበት

ስሕተቱ የሚጀምረው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ወፍራም ጫማ እንደሚያድን አለመረጋገጡ ባዶ እግር እንደሚያድን አያረጋግጥም። መጽሐፉ ግን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ያለ ድልድይ ይሻገራል።

ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት በባዶ እግራቸው መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በእግራቸው ፊተኛ ወይም መካከለኛ ክፍል እንደሚያርፉ፣ በዚህም ተረከዝ ቀድሞ ሲያርፍ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግጭት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ስለ አረጋገጥ የተደረገ ጥናት ነው፤ ስለ ጉዳት ብዛት ግን አልለካም። በ2013 ደግሞ ኬቨን ሃታላና ባልደረቦቹ በሰሜን ኬንያ ከሚኖሩ፣ ወገኖቻቸውም በእኛ በታችኛው ኦሞ ከሚገኙ፣ ባዶ እግር ከለመዱ ዳሰነቾች መካከል አብዛኞቹ በረዥም ሩጫ ፍጥነት ሲሮጡ ቀድመው በተረከዛቸው እንደሚያርፉ አሳይተዋል። እንግዲህ «የተፈጥሮ አረጋገጥ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር መኖሩ ራሱ አጠራጣሪ ነው።

ከዚህም ሌላ በእግር ፊት ማረፍ ጭነትን አያጠፋም፤ ያዛውረዋል። ከጉልበት የተቀነሰው ጭነት ወደ ባትና ወደ ቋንጃ ጅማት ይሄዳል። የወጣቱ ሕመምተኛዬ አዲስ ሕመም የመጣው ከዚህ ነው። ሳራ ሪጅና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 36 ሯጮች ለ10 ሳምንታት ተከታትለው ነበር፤ ወደ ስስ ጫማ ከተሸጋገሩት መካከል ብዙዎቹ በእግር አጥንቶቻቸው ውስጥ የጫና ምልክት የሆነ እብጠት በኤም.አር.አይ. ታይቶባቸዋል። ራራሙሪዎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ያዳበሩትን አጥንትና ጡንቻ የከተማ ሰው በሦስት ሳምንት ሊያገኘው አይችልም።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ስስ ጫማ ራሱ ትልቅ ገበያ ሆነ። ጣት ጣት ያለውን ጫማ የሚሠራው ቪብራም ጫማው ለጤና ይሰጣል ያለውን ጥቅም በማስረጃ አላስደገፈም ተብሎ በአሜሪካ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ገበያው ወደ ወፍራም ሶል ተመለሰ። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በበርሊን ማራቶን 2:11:53 ስትገባ የተጫማችው እጅግ ቀላልና ውድ ጫማ የተሠራው ለፍጥነት ነው እንጂ የታመመ ተረከዝ ለማዳን አልነበረም። ሕመምተኞቻችን ግን ሁለቱን ለይተው አይጠይቁንም፤ መለየት የእኛ ሥራ ነው።

ሕመሙ የጭነት ሕመም ነው

መጽሐፉም፣ የጫማ ሻጩም፣ እኔም የዘነጋነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሕመሙ ጠባይ ነው። ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ ወደ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ ማሰሪያ ነው። ሂክስ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደ ገለጸው፣ ስንራመድ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ የጉድጓድ ውኃ መቅጃ ገመድ በመዘውሩ ላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ ማሰሪያው ይጠቀለልና ቅስቱን ያነሣል። ይህ በየእርምጃው ይደጋገማል። ጭነቱ ከማሰሪያው አቅም ሲበልጥ ሕመም ይመጣል።

የሕመሙ ስም «ብግነት» የሚል ትርጉም ቢኖረውም ሌሞንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በቀዶ ሕክምና የተወሰዱ 50 ናሙናዎችን መርምረው ያገኙት ብግነት ሳይሆን የሕብረ ሕዋስ መጎሳቆል ነበር። በዚያው ዓመት ሪድልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ለሕመሙ የሚያጋልጡትን ሦስት ነገሮች ለይቷል፤ ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በበቂ ሁኔታ አለመታጠፉ፣ የሰውነት ክብደት መጠን መለኪያ ከ30 በላይ መሆኑና የሥራ ቀንን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ማሳለፍ። ይህን ዝርዝር ከእኒያ ከጥበቃ ሠራተኛው ኑሮ ጋር ብናስተያየው ዋናው ጥያቄ «ምን ተጫምተዋል?» ሳይሆን «በቀን ስንት ሰዓት ይቆማሉ?» የሚል መሆን ነበረበት። እኔ ይህን አልጠየቅኋቸውም።

ባዶ እግር በእኛ አገር

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዶ እግር ሲነሣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ትዝ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ 2:15:16.2 በሆነ ጊዜ አሸነፈ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተከታዩ ነው። በ1964 በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2:12:11.2 ገባ። ይህ ጫማ ያፈጥናል ለማለት አይበቃም፤ ባዶ እግር የድሉ ምሥጢር ነበር ለማለትም አይበቃም። አበበ በሁለቱም አሸንፏል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የጤና ጉዳይ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ጫማ ኖሮት ጫማውን ለማውለቅ ለሚመርጥ ሰው ነው። በእኛ አገር በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲሠሩ የኖሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፖዶኮኒዮሲስ በተባለው፣ ሕዝቡ ከዝሆኔ በማይለየው የእግር እብጠት ይሠቃያሉ። የመንጠቆ ትል፣ ሙጃሌና ቴታኖስም የሚገቡት በዚያው በር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚነሣውን የእብጠትና የትኩሳት ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ «ጫማ እግርን ያሳምማል» የሚለው አባባል ያለ ማብራሪያ ወደ እኛ ገጠር ቢደርስ ጉዳቱ ከባድ ነው። ጫማ የተረከዝ ሕመም መድኃኒት አለመሆኑና ጫማ የእግር ጤና ጠባቂ መሆኑ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ለሕመምተኛው ምን እንበል?

መጽሐፉን ነቅፎ ሕመምተኛውን ባዶ እጁን መስደድ ተገቢ አይሆንም። ማስረጃው የሚፈቅደው ምክር ርካሽ ነው፤ የሚፈልገው የባለሙያውን ጊዜ ነው።

አስቀድሞ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተረከዝን ከግራና ከቀኝ ጨምቀን ብርቱ ሕመም ካስነሣን የአጥንት ስንጥቅ፣ ወጣት ሰው ሁለቱንም ተረከዙን አሞት ጠዋት ወገቡ ለረዥም ጊዜ ከተሳሰረ የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት፣ ውስጥ እግሩ ከደነዘዘ የስኳር በሽታ፣ የሥጋ ደዌ ወይም የነርቭ መጨመቅ ሊኖር ይችላል። ትኩሳትና ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሕመምም ችላ አይባሉም። በራጅ የሚታየው የአጥንት ሹል ግን ሕመም በሌላቸው ሰዎችም ዘንድ የሚገኝ ስለ ሆነ ሕመምተኛውን ማስደንገጫ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ማሳሳብ ነው። ዲጆቫኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ዘዴ ቀላል ነው፤ ሕመምተኛው ተቀምጦ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያነባብራል፤ ጣቶቹን በእጁ ይዞ ወደ ቅልጥሙ ይስብና እስከ 10 ይቆጥራል፤ ይህንንም 10 ጊዜ ይደጋግማል። በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ግን ጠዋት መሬት ከመርገጡ በፊት መሆን አለበት። ይህ ዘዴ የቋንጃ ጅማትን ብቻ ከማሳሳብ የተሻለ ውጤት አስገኝቷል።

ሦስተኛው ማጠንከር ነው። ራትሌፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 በ48 ሕመምተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ከጣቶች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን በዝግታ ማንሣትና ማውረድ፣ በየሁለት ቀኑ ሲሠራ፣ በሦስተኛው ወር ከማሳሳብ የበለጠ ሕመሙን አቀለለ። በ12ኛው ወር ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሕመምተኛው የሚነገር የምሥራች ነው፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል።

አራተኛው ጭነትን መመጠን ነው። ሯጩ ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና ዳገቱን ይቀንስ፤ በማግሥቱ ጠዋት ሕመሙ ካልባሰ ቀስ በቀስ ይጨምር። ቆሞ ለሚሠራ ሰው በየመካከሉ መቀመጥ ከማንኛውም ጫማ ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል፤ ለአሠሪው የሚጻፍ አጭር የሕክምና ማስረጃም እንደ መድኃኒት ማዘዣ ሊቆጠር ይገባዋል።

ጫማን በተመለከተ የምንመክረው ጥቂት ነው። ሕመምተኛው ጫማውን ከሰዓት በኋላ፣ እግሩ ሰፋ ባለበት ጊዜ፣ ቆሞ ይለካ፤ ከረዥሙ ጣቱ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተው፤ ከተጫማው ቅጽበት ጀምሮ የሚመቸውን ይምረጥ፤ «እየሰፋ ይመጣል» በሚል ተስፋ አይግዛ። ሰልባጅ የሚገዛ ከሆነ ሶሉ ወደ አንድ ወገን የተበላ እንዳይሆን ገልብጦ ይይ። ሕመሙ እስኪበርድ በሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግር ከመቆም ይታቀብ። ነባሩ ጫማ የሚመቸው ከሆነ ተረከዙ ላይ ለስላሳ ንጣፍ መጨመር ይበቃል። ላንዶርፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በ135 ሕመምተኞች ላይ እንዳሳዩት በልክ የተሠራው ውድ ንጣፍ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው አልበለጠም፤ ጥቅሙም የአጭር ጊዜ ነበር።

የስቴሮይድ መርፌን በተመለከተ ማክሚላንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በ82 ሕመምተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ሕመሙ በአራተኛው ሳምንት ቀልሎ ታይቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥቅሙ አልዘለቀም። አሴቬዶና ቤስኪን እ.ኤ.አ. በ1998 ከ765 ሕመምተኞች መካከል ማሰሪያው የተበጠሰባቸው 51 መሆናቸውን፣ ከእነዚህም 44ቱ አስቀድመው መርፌ የተወጉ መሆናቸውን ዘግበዋል። ስለዚህ መርፌው የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን አይገባውም።

ማጠቃለያ

«ቦርን ቱ ረን» ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው፤ በተለይም ሐኪሞቹ ሕመምተኛውን በችኮላ የሚያሰናብቱባቸውን ገጾች የሙያ ባልደረቦቼ ቢያነቧቸው መልካም ነው። ደራሲው የተነሣበት ጥያቄ ትክክለኛ ነው። መልሱን ግን እርሱም በጫማ ዙሪያ ፈለገው፤ ሻጩ «ጨምሩ» ሲል እርሱ «አውልቁ» አለ። መጽሐፉን ለሕመምተኛ የሚያውስ ባለሙያ ይህን ልዩነት አብሮ ቢነግረው ይገባል።

ወጣቱ ወደ አሮጌ ጫማው ተመልሶ ርቀቱን በግማሽ ቀንሶ እንዲሮጥ ተስማማን፤ የባቱ ሕመም ቀድሞ ለቀቀው፤ ተረከዙ ዘገየ። ለጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ በር ላይ በርጩማ እንዲፈቀድላቸው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ማሳሳቡንም አብረን ተቀምጠን ሠራነው። በአራተኛው ወር ሲመለሱ ጠዋት ያለ ሕመም እንደሚነሡ ነገሩኝ። ያዳናቸው በርጩማው ይሁን፣ ማሳሳቡ ይሁን፣ ወይስ ጊዜው ራሱ፣ በእርግጠኝነት ለመናገር አልችልም። እርሳቸው ግን ምስጋናውን የሰጡት ለጫማው ነበር። ያን ቀን ቁጭ አድርጌ ጫማው እንዳልነበረ፣ ምክሬም ስሕተት እንደ ነበር ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ የልጄ እግር ከእኔ እኩል ስለ ደረሰ ለእርሱ እሰጠዋለሁ» አሉኝ።